መርዶ የማያድርበት ቤት

በእህቴ ተዝካር ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ነፍሷን ይማርና፣ ሥራዋ ምን ነበር?» አለችኝ።

«ልጅ ታሳድግ ነበር» አልኳት።

«ስንት ልጆች አሏት?»

«የራሷ የላትም።»

«የማንን ነው ታዲያ የምታሳድገው?»

«የሰው።»

ሴትየዋ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። እኔም ማስረዳት ፈልጌ አልቻልኩም። ንግግር አይሆንልኝም። ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያልመለስኩላትን ለመመለስ ነው። ሥራው የእህቴ ብቻ ሳይሆን የእኔም ሥራ ነበር። አሁን አቁሜዋለሁ። የልጆቹን ስም ለውጫለሁ፤ ታሪካቸው የራሳቸው ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ነው። ያስመጣችኝ እህቴ ሰናይት ናት። እታለም ነበር የምላት። ዴንቨር ካፒቶል ሂል ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበራት፤ እኔ ሳሎን ተኛሁ። እሷ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነርስ ረዳት ነበረች። እኔ ዳውንታውን አንድ ሆቴል በር ላይ የእንግዶችን መኪና ተቀብዬ ፓርክ አደርግ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ፍሥሐ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን፣ «ስማ፣ መኪናው የሰው ነው። ሬዲዮውን አትነካም። ወንበሩን ብታንቀሳቅስ እንኳ እንደነበረ መልሰህ ትወርዳለህ» አሉኝ። የሰው ነገር ተቀብሎ መመለስን የተማርኩት ከእሳቸው ነው። በኋላ በገባሁበት ሥራ ግን ምክራቸው የጠቀመኝ ግማሹ ብቻ ነው። ልጅ እንደነበረ አይመለስም።

ከዚያ ታክሲ ነዳሁ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች ከተማውን እስኪሞሉት ድረስ ጥሩ ሥራ ነበር።

እታለም ሥራ የቀየረችው በአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ምክንያት ነው። ሴትየዋ፣ ወላጆቻቸው መያዝ ስላቃታቸው የመንግሥት ሰዎች ከቤታቸው ያወጧቸውን ልጆች ለጊዜው ቤቷ ተቀብላ የምታሳድግ ነበረች። አንድ ቀን ልጆች እዚያው መጦሪያው ድረስ አመጡላት። እታለም ማታ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ሁለት ሕፃናት፣ ልብሳቸው በቆሻሻ ፌስታል ታጭቆ መጡ። በቆሻሻ ፌስታል» አለችኝ። ደጋግማ አለችው። በዚያ ሳምንት ሥልጠናው የት እንደሚሰጥ ጠየቀች። ዓመት ሳይሞላ ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ተከራይተን ገባን። ልጅ በሚገባበት ቤት የሚኖር አዋቂ ሁሉ ይጣራል፤ እኔም ምድር ቤቱ ውስጥ ስለምኖር የእኔንም አሻራ ወሰዱ። ወደ ሥራው የገባሁት እንዲህ ነው፤ በአሻራ።

የአገር ሰው ብዙ ተናገረን። ጋሽ በለጠ የዕድራችን ሊቀ መንበር ናቸው። እሳቸው እንኳ፣ «ልጄ፣ አሳድጎ መመለስ? ሲለምዱሽ ሊወስዱብሽ? ይህ እኮ ራስን በፈቃድ ማስለቀስ ነው» አሏት።

«የአደራ ልጆች ናቸው፣ ጋሽ በለጠ» አለቻቸው። «አደራ መቀበል ነውር ሆነ እንዴ?»

«አደራስ ጥሩ ነው» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አንድ የድሮ የልጆች ብስክሌት በመኪናቸው ጭነው መጡ።

እታለም ያስተማረችኝ ሥራ መጽሐፍ ላይ የለም። ሥልጠናው ላይ የተነገረን ሌላ ነበር። አዲስ ልጅ ሲመጣ በሩን ከፍታ ጎንበስ ትልና ስሟን ትነግረዋለች፤ የእሱን አትጠይቅም። «ስሙን ዛሬ ስንት ሰው እንደጠየቀው ታውቃለህ?» ትለኛለች። ከዚያ ቤቱን ታሳየዋለች፤ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን፣ ቀጥሎ ፍሪጁን። ፍሪጁ ታችኛው መሳቢያ የልጁ ነው፤ ያለው ሁሉ የእሱ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ እሱም ማንንም አያስፈቅድም። መሳቢያውን ባዶ አድርጎ ትራሱ ሥር የደበቀ ልጅ ነበረን። እታለም መሳቢያውን መልሳ ሞላችው። ሲሰለቸው ተወ።

የመጣበትን ልብስ ደግሞ አታጥብም። እኔ አንድ ጊዜ፣ ልብሱ ሲጋራ ሲጋራ ስለሚል ለመርዳት ብዬ ማጠቢያው ውስጥ ልከት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ይሸታል እኮ፣ እታለም።»

«የሚሸተው ቤቱን ነው» አለች። «ሌላ ከቤቱ ያመጣው ነገር የለም። ተወው።»

ሻንጣ ደግሞ ነበረ። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ሻንጣ ትገዛለች፤ ወዲያው ግን አትሰጠውም። ገና በመጣ በሳምንቱ ሻንጣ የሚሰጡት ልጅ ሊያባርሩት መስሎት ይፈራል። ሲለምድ ነው የምትሰጠው። ልጆቹ «ታለም» ይሏት ነበር። «እ»ዋን ማን እንደጣላት አላውቅም።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ።

ብሪያና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሳቂታ ልጅ ናት። እኛ ጋ የቆየችው ሴት አያቷ ሊወስዷት ነገሩ እስኪያልቅ ነው። ስለ አያቷ አውርታ አትጠግብም። ሴትየዋ ታመው ሆስፒታል ገቡ። አንድ ቅዳሜ ቀን፣ የብሪያናን ጉዳይ የሚከታተለው ኬዝወርከር ደውሎ አያቷ ማረፋቸውን ነገረን። «አሁኑኑ ልምጣና አብረን እንንገራት» አለ።

እታለም እኔን አየችኝ። ብሪያና ጓሮ ገመድ እየዘለለች ነበር።

«ነገ ጠዋት ይሁን» አለችው። «በባህላችን እንዲህ ያለ ነገር በድንገት አይነገርም። ትብላ፣ ትተኛ። ጠዋት ሰው ከጎኗ ሆኖ ይነገራታል።»

ሰውዬው ትንሽ አመነታና ለባህላችን ብሎ እሺ አለ።

በዚያን ሰዓት ትክክል ነው ብዬ አምኜ ነበር። እኛ ጋ መርዶ እንዲህ ነው። ሐዘንተኛው ሥራው ላይ፣ መንገድ ላይ፣ ብቻውን ሳለ አይረዳም። ዘመድ ጎረቤት ይመካከራል፤ ጠዋት ሳይነጋ ተሰብስቦ በሩን ያንኳኳል፤ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ይዘጋጃል። ያን ቀን እስኪነጋ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ፊቱን ያስተካክላል። ይህ ውሸት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። እኔም አባቴ የሞቱ ጊዜ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ ካፒቶል ሂል፣ በጠዋት፣ ጋሽ በለጠ እጄን ይዘውኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለዚህ ፊታችንን አስተካከልን። የምትወደውን ፒዛ አዘዝን። እኔ ስኬቲንግ ወሰድኳት። እሷ ስትቀልድ እታለም ሳቀች፤ ከወትሮው በላይ ሳቀች። በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ በለጠና ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው መጡ። ኬዝወርከሩ ገና መንገድ ላይ ነበር። በሩን የከፈተችው ብሪያና ናት።

ልጅ አይሞኝም። ልብሳቸውን አየች፤ ዞራ እኛን አየች።

«አያቴ ናት?» አለች።

እታለም ተንበርክካ ነገረቻት። ብሪያና አላለቀሰችም። ሴቶቹ ማልቀስ ሲጀምሩ እንኳ እነሱን ትታ እታለምን ብቻ ነበር የምታየው።

«መቼ አወቅሽ?»

«ትናንት።»

«ትናንት መቼ?»

«ቀን ላይ።»

«ፒዛ ስንበላ ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ስቀሽ ነበር እኮ» አለች ብሪያና።

ከዚያ በኋላ እኛ ቤት መሳቅ አልተቻለም። እኔና እታለም በሆነ ነገር ስንስቅ ከክፍሏ ወጥታ፣ «ማን ሞተ?» ትለናለች። የቀልድ አይደለም። ጥሩ ምግብ ሲሠራ ፊታችንን ታጠናለች። አይስክሬም ልጋብዝሽ ብላት መኪና ውስጥ አልገባም ትላለች። እታለም ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ልጅቷም ይቅር አለቻት፤ ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። ብሪያና ራሷ ሌላ ቤት እንዲሰጧት ለመነችና ሌክውድ የሚባል ሌላ ከተማ ወሰዷት። ሻንጣዋን እኔ ነኝ መኪናው ላይ የጫንኩት። እታለም በረንዳው ላይ እጇን እያውለበለበች ቆመች። ልጅቷም አውለበለበች፤ ጨዋ ልጅ ነበረች።

እታለም ቤት ገብታ ወጥ ቤት ተቀመጠች። «እኛ ጋ መርዶ የሚቆይለት ሰው ብዙ ዘመድ ያለው ነው» አለች። «እሷ ማን አላት? ያለናት እኛ ነበርን። እኛ ደግሞ አውቀው ከሚደብቋት ወገን ሆንንባት።»

ከዚያም፣ «ከእንግዲህ እዚህ ቤት መርዶ አያድርም» አለች።

ይህ ሕግ ሆነ። ትልቁም ትንሹም። ድሮ የልጅ እናት ለጉብኝት ሳትመጣ ስትቀር፣ «ትንሽ ትዘገይ ይሆናል» እንል ነበር። አሁን በሰማንበት እንናገራለን። እታለም መናገሪያውንም አስተካከለችው። የሚነገረው በቆመ መኪና ውስጥ ነው። መኪናው ይቆማል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ልጁ ካልፈለገ አያየንም፣ በመስኮት ያያል። ቃሉ አጭር ነው፤ የሞተ ሰው «ሞተ» ይባላል። ከዚያ እኛ መቼ እንደሰማን ይነገረዋል። ከዚያ ዝም። «አይዞህ»ን እንኳ ቶሎ አታወጣትም ነበር። «አይዞህ ስትለው ጨርስ ያልከው ይመስለዋል» ትላለች።

ታክሲውን የተውኩት በዚያ ጊዜ ነው። ገበያው ሞቷል፤ ደግሞም እታለም ብቻዋን እየከበዳት ነበር። ሥልጠናውን ወሰድኩ፣ ስሜ ከስሟ ጎን የአሳዳጊነት ፈቃዱ፣ ላይሰንሱ ላይ ገባ። ደመወዝ የሚባል የለውም፤ ለልጁ ማሳደጊያ የሚሰጥ ነው። ማታ ማታ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን እየሠራሁ ጎደሎውን እሞላ ነበር። ጓደኞቼ «ሞግዚቱ» አሉኝ። ለመድኩት። ፀጉር መጎንጎን ሁሉ ተምሬያለሁ፤ ጥሩ አይደለሁም፣ ግን ትምህርት ቤት ያደርሳል።

ማይልስ የመጣው በስምንት ዓመቱ ነው። ከእኛ በፊት ሦስት ቤት ኖሯል። የመጣ ቀን እታለም ፍሪጁን ስታሳየው፣ «መቼ ነው የምሄደው?» አላት።

«አላውቅም። ያወቅኩ ቀን እነግርሃለሁ» አለችው።

ማይልስ ይህን ያዘ። በየጊዜው፣ «ዛሬ ያወቅሽው ነገር አለ?» ይላታል፤ ጠዋት ቁርስ ላይ፣ እንደ ዜና። «ዛሬ ምንም የለም» ትለዋለች፤ ይበላል። እናቱ ከሱስ ለመውጣት ሕክምና ላይ ነበረች። እየበረታች፣ እየወደቀች፣ እንደገና እየበረታች። ጉብኝቱ በቀረ ቁጥር በቆመ መኪና ውስጥ ሰማ።

ከዚያ እታለም ታመመች።

ውጤቷን የሰማች ቀን እኔና ማይልስ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ እየጠበቅናት ነበር። መጥታ ከኋላ፣ ከማይልስ ጎን ገባች። «ሞተሩን አጥፋ» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ።

በእንግሊዝኛ ነገረችን፤ ለሁለታችን አንድ ላይ። ካንሰር እንደሆነ፣ መሠራጨቱን፣ ሐኪሙ የነገራት አሁን መሆኑን። ማይልስ በመስኮት ውጭውን እያየ ቆየና፣ «ፀጉርሽ ይረግፋል?» አለ።

«ይረግፋል።»

«እንግዲያስ እሱ የሚጎነጉነው ያጣል» ብሎ በአገጩ እኔን አመለከተ። «ደግሞም አያውቅበትም።»

እታለም ሳቀች። እኔ መሪው ላይ ተደፋሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ በአማርኛ፣ «ለእማዬ ግን እንዳትነግር» አለችኝ።

«መርዶ አያድርም ብለሽ?»

«ያልኩት ለልጅ ነው። እማዬ ልጅ ናት እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ዶና መጣች። ዶና ላይሰንስ የሚሰጠው ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ ቤታችንን ከመጀመሪያው ጀምሮ የምትከታተለው እሷ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሳትደብቅ ነገረችን። እታለም ብትሞት ማይልስ ከእኔ ጋር መቆየት የሚችለው ልጁ እዚህ ደህንነት ከተሰማውና እኔ ብቻዬን የምችል መሆኔን ካየች ነው። አለዚያ አምስተኛ ቤት ይፈለግለታል። እናቱ ያን ጊዜ በጣም በርትታ ነበር፤ እስክትወስደው ጥቂት ወራት ቢቀሩ ነው። እታለም የፈራችው ሞቱን አልነበረም፤ እነዚህን ወራት ነበር። «ይህ ልጅ አንድ ጊዜ ደግሞ ከተነቀለ እናቱንም አያምናትም» አለችኝ።

ያረፈችው በአንድ የሥራ ቀን ጠዋት ነው። ማይልስ ትምህርት ቤት ነበር። ጋሽ በለጠ አጠገቤ ነበሩ። ዓይኗን የከደኑላት እሳቸው ናቸው። ኮሪደር ላይ ወጥተን ትከሻዬን ይዘው፣ «ኮምቦልቻ ለአጎትህ እደውላለሁ። እናትህን ነገ በጠዋት ካህን ይዘው ገብተው ያረዷታል» አሉ።

«እሺ፣ ጋሽ በለጠ።»

«ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እኔ ቤት ይምጣ፤ እዚያው ይደር። ነገ ሰው ሲሰበሰብ በሥርዓቱ ይነገረዋል። አንተም ዛሬ አልቅስ፣ ይውጣልህ።»

«እሱ አሁን ነው የሚሰማው» አልኩ።

«አሁን? አንተ አሁን ቆመህ መናገር ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ?»

«እሷ ብትሆን አሁን ትነግረው ነበር። ብሪያናን ያስታውሳሉ።»

ያስታውሳሉ። ያን ጠዋት በሩ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣ። እንዲህ ሆነህ አትነዳም» አሉኝ።

እሳቸው ነዱ። ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ፓርክ አድርገው ሞተሩን አጠፉ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ማይልስን ከክፍል አስጠርቼ አመጣሁት። ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጋሽ በለጠ በሩን ቀስ ብለው ከፍተው ወርደው አጥሩ ጋ ሄደው ቆሙ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውን።

«ታለም ሞተች» አልኩት።

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«አንተ መቼ አወቅክ?»

«እዚያው ነበርኩ። ከዚያ በቀጥታ ነው የመጣሁት።»

«ዶና ታውቃለች?»

«ገና ነች።»

«ያንተ እናትስ?»

«ነገ ጠዋት ነው የሚነግሯት። እሷ ጋ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ብዙ ሰው አብሯት ይሆናል።»

አሰበበት። «እኛ ጋ ግን ዛሬ ነው» አለ።

«አዎ። እኛ ጋ ዛሬ ነው።»

ከዚያ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። አይዞህ አላልኩትም፤ ስላልቻልኩ ነው እንጂ ትምህርቷን አስታውሼ አይደለም። ብዙ ቆይቶ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና ወደ አጥሩ አየ። ንፋስ ነበር፣ በረዶ ሊጥል ደመናው ወርዷል፤ ጋሽ በለጠ ኮታቸውን እንኳ መኪና ውስጥ ረስተውት ነበር።

«ሽማግሌው ይበርዳቸዋል» አለኝ። «ግቡ በላቸው።»

ቤት ስንደርስ ለዶና ልደውል ስልኩን ሳወጣ ማይልስ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። «ዶና፣ ታለም ሞተች። ዛሬ ጠዋት ነው። እኛ አሁን ነው ቤት የገባነው» አላት። እሷ አንድ ነገር ጠየቀችው። «እዚህ» አለ። እንደገና ጠየቀችው። «እዚህ አልኩሽ እኮ።»

የጠየቀችው የት መሆን እንደሚፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ አምስተኛ ቤት የሚባል ነገር አላነሳችም።

በለቅሶው ሰሞን ማይልስ በር ከፋች ሆነ። የአገር ሰው እንዴት እንደሚጎነበስ ያውቅበታል፤ ሴቶቹ እያዩት እንደገና ያለቅሳሉ። ቁርስ ላይ አሁን እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። «ዛሬ ያወቅከው ነገር አለ?» አብዛኛውን ቀን የለም። አንድ ቀን ግን ነበረ። መኪናው ውስጥ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ዳኛዋ ወደ እናቱ እንዲመለስ መወሰኗን ነገርኩት። ደስ ይበለው ወይ ይክፋው ግራ ገባው፤ እኔም እንደዚያው።

ሻንጣውን አብረን አዘጋጀን። እታለም ሶፋው ላይ ሆና ትለብሳት የነበረች ጋቢ አለች፤ እሷን ልውሰድ አለኝ። አላጠብኳትም። እንደነበረች አጣጥፌ ከላይ አደረግኩለት።

ላይሰንሱን የመለስኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዶና እያስፈረመችኝ፣ «እኔ የማስፈርመው ጡረታ የሚወጡ ሰዎችን ነበር፤ አንተ ገና ልጅ ነህ» አለች። የሁለት ሰው ሥራ ነበር አልኳት። አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። ደስ ይለኛል። ልጆቹ ይጮኻሉ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹን አውርጄ ስመለስ ስልኬ ጮኸ። ማይልስ ነበር። ድምፁ ትንሽ ጎርነን ብሏል።

«እየነዳህ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ የአውቶቡሶቹ ግቢ ደርሻለሁ። ፓርክ አድርጌያለሁ።»

«ሞተሩስ?»

አጠፋሁት። «ጠፍቷል» አልኩ።



«ወደ ቴክሳስ ልንሄድ ነው። እማዬ እዚያ ሥራ አገኘች። ለዘለቄታው ነው።»

ከፊቴ ባዶው ግቢ ነበር። እሱን አየሁ።

«መቼ አወቅክ?» አልኩት።

«አሁን። ነግራኝ ገና ከክፍሌ አልወጣችም።»